የጋሽ ቀስበቀስ አንዲት ጥድፊያ

ጋሽ ቀስበቀስ ብለው የሰየሙት የቤተ ሙከራው ሰዎች ናቸው፤ ስሙም ያንሰዋል እንጂ አይበዛበትም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሥራው አንድ ነው፤ ብር፣ መዳብና አሉሚኒየም አንድ ላይ ያቀልጥና ቅይጡን በቀጭን ቱቦ ከምድጃው ወደ ቀዝቃዛው በኩል በሰዓት የጥፍር ያህል ያወርደዋል። ሦስቱ አብረው ሲረጉ እንደ ጡብ ግድግዳ ተደርድረው ይገኛሉ። ቀስ ካሉ ጡቡ ይሰፋል፣ ከቸኮሉ ይደቃል። ይኸው ነው። ሰው ዶክተር የሚባለውም በዚሁ ነው።

ባለቤቱ፣ "አንተ ያገባኸው ምድጃውን ነው፤ እኔ ጎረቤት ነኝ" ትለዋለች።

ታዲያ ይህ ሰው በዕድሜው አንድ ቀን ቸኮለ። የሚደግፈው ቡድን ለዋንጫ የሚጫወትበት ቀን ነበር። ቅይጡ ገና እኩሌታው አልረጋም። ግራ ቀኙን አየና ማዞሪያውን ጠምዝዞ አፈጠነው፤ ሲያበቃ መዝገቡ ላይ "እንደተለመደው" ብሎ ጽፎ ወደ ቤቱ በረረ። ቡድኑ አራት ለባዶ ተሸነፈ፤ ደግ አደረጉት።

እሱ ያቀለጠውን የምትመረምረው ዶክተር ናሙናውን በማይክሮስኮፕ ስታይ ሰፊው ጡብ መሃል ላይ ድንገት ደቋል። መዝገቡ ደግሞ ፍጥነቱ አልተለወጠም ይላል። "ቅይጡ በራሱ ጊዜ መልኩን ቀየረ" ብላ ጻፈች፤ ተጨበጨበላት፣ የክፍሉም ኃላፊ ሆነች። ሊነግራት አስቦ ነበር። ዛሬ ነገ ሲል ዓመት አለፈ፤ በዚህ እንኳ ስሙን አላሳፈረም።

ዘንድሮ የሌላ አገር ተመራማሪዎች "ደጋግመን ሞከርን፣ አልሆነም፣ የፈጠራ ወሬ ነው" ብለው ጻፉ። ዶክተሯ ቢሮዋ ውስጥ ኩርምት ብላ የመልቀቂያ ደብዳቤ ስትጽፍ ጋሽ ቀስበቀስ ደረሰ። ጡረታው ሁለት ወር ቀርቶታል። ግን ከተማሪነቷ ጀምሮ ያውቃታል፤ አንጀቱን በላችው።

"ዶክተር፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ያን ቀን ማዞሪያውን አፍጥኜዋለሁ።"

"ለምን?"

"ኳስ ሊያመልጠኝ ሆኖ።"

ዓይኗ እንባ ሞላ። "እርስዎ ቸኩለው? ጋሼ፣ እኔን ለማዳን ብለው ስምዎን አያበላሹ።"

"እግዜር ምስክሬ ነው፣ እውነቴን ነው።"

"ይተዉ በቃ። እንደ እርስዎ ያለ ሰው ከየት ይገኛል?"

ደግሞ ሊምል አፉን ከፈተ። ጡረታው ትዝ አለው። መልሶ ገጠመው። ባለመታመኑ እፎይ አለ፤ እፎይ በማለቱ ደግሞ አፈረ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ደብዳቤውን ፈርማ አሸገችና ለዳይሬክተሩ እንዲያደርስላት ሰጠችው፤ ሌላ ሰው አላመነችም። እሱም አደረሰ።