የግራኝ ጦርነት በስድስተኛ ክፍል

እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ከአፓርትመንታችን በር ላይ ልጄ በጠመኔ መሬቱ ላይ ትሥላለች። የጠመኔው ሽታ ወደ ደሴ፣ ወደ ስድስተኛ ክፍል መለሰኝ።

የታሪክ አስተማሪያችን የቄስ ልጅ ነበሩ። ያን ቀን የግራኝን ጦርነት፣ የአዳል ሠራዊት ደጋውን አገር እንዴት ጠራርጎ እንደያዘ ሲያስተምሩን፣ ከኋላ አንድ ልጅ ወደ እኔ እየጠቆመ «ቲቸር፣ ግራኝ እዚህ አለች!» አለ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ሙስሊም ነኝ፣ የምጽፈውም በግራ እጄ ነው። እስክሪብቶዬን ወደ ቀኝ እጄ አዛውሬ አቀረቀርኩ።

አስተማሪያችን አልሳቁም። መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«በዚያ ጦርነት የእኔ አባቶች ቤተ ክርስቲያናቸው ተቃጥሎባቸዋል። የእሷም አባቶች ልጆቻቸውን ቀብረዋል። እዚህ ክፍል ውስጥ ግን የዚያ ጦርነት ወታደር የለም» አሉ።

ያኔ ነገሩ በደንብ አልገባኝም። ከዚያ ክርኔ አጠገቤ ከምትቀመጠው ልጅ ጋር እንዳይጋጭ ወደ ዴስኩ ግራ ጫፍ አዛወሩኝና «በለመድሽው እጅ ጻፊ፣ የኔ ልጅ» አሉኝ።

ይህን ስነግራት ልጄ ቀና ብላ በእንግሊዝኛዋ «ዋዝ ሂ ሙስሊም?» አለችኝ፤ ሙስሊም ነበሩ ወይ ማለቷ ነው።

«አይደሉም» አልኳት። «አስተማሪ ነበሩ።»