ለወይንሸት የሰጠናት የመጀመሪያ ተራ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ፣ መንገዱ ገና ከጭቃ ሳይላቀቅ ነው። ሰው አልሞተም፣ ንብረትም አልጠፋም። ለሌላ ሰው ቢነገር «ታዲያ ይሄ ምን ይገርማል?» ይባል ይሆናል። እኔ ግን ቧንቧ በተከፈተ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ቧንቧ ደግሞ ሳይከፈት የሚኖር ነገር አይደለም። ልጽፈው የወሰንኩት ለዚህ ነው።

የምኖረው መካኒሳ አቦ አካባቢ፣ ጋሽ ገመዳ ግቢ ውስጥ ተከራይቼ ነው። ጋሽ ገመዳ የሰፈሩ የጥንት ሰው ናቸው። ዛሬ ፎቅ የቆመበትን ቦታ ሁሉ ጤፍ ሲዘሩበት ኖረዋል፤ አሁንም ከጓሮ ላሞች አሏቸው። ተከራዮቹ ብዙ ነን፤ ቧንቧው ግን አንድ ነው፣ የውጭ በሩ አጠገብ። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ለእኛ የሚመጣው ሐሙስ ጠዋት ነው። ከመጣ ማለቴ ነው። አንዳንድ ሐሙስ እስከ ማታ ይወርዳል፤ አንዳንዱ ሐሙስ ደግሞ ገና ሁለት ሦስት ቤት ሳይቀዳ ቀጥ ይላል።

በዚህ ምክንያት በእኛ ግቢ የመጀመሪያ ተራ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ድሮ በየሳምንቱ ይዞር ነበር። በኋላ ግን ሁላችንም ተስማምተን ለወይንሸት ሰጠናት።

ወይንሸት ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ ጉሊት ላይ ቲማቲምና ቃሪያ ትሸጣለች። ቤዛ የምትባል የአምስት ዓመት ልጇን ብቻዋን ነው የምታሳድገው። ሐሙስ ሐሙስ ተራ ስትጠብቅ ገበያው ያመልጣታል፤ ወደ ገበያ ከሄደች ደግሞ ውሃው። ሐሳቡን ያመጣው ከሀይሌ ጋርመንት የሚጭነው የሚኒባስ ሹፌር፣ ጎረቤታችን ዳንኤል ነው። «በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ ወይኒ ቪአይፒ ናት፤ ቀድማ ቀድታ ትሂድ!» አለ። ማንም አልተቃወመም። ሌላ ጊዜ በአንድ ባልዲ ቦታ የምትጣላው አልማዝ እንኳ የራሷን ጄሪካን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ቦታ ለቀቀችላት። ያን ዕለት በጎረቤቶቼ ኮርቼ ነበር።

ክረምቱ ሲገባ ቤዛ ታመመች። ሆዷን ያማታል፣ ሌሊት ሌሊት ያተኩሳታል። ጤና ጣቢያ ታይፎይድ ነው ተብሎ መድኃኒት ተሰጣት። ዳነች። ሳይቆይ አገረሸባት። «የምትጠጣውን ውሃ አፍሉላት» አሏት ወይንሸትን። ወይንሸት የምታበስለው በከሰል ነው፤ ጠዋት ወጥታ ማታ ነው የምትገባው። እኔ የኤሌክትሪክ ምድጃ ስላለኝ፣ መብራት እስካለ ድረስ የልጅቷን ውሃ እኔ ላፍላ አልኩ። አፍልቼ፣ አቀዝቅዤ፣ ክዳን ባለው ጆግ አስቀምጥላት ነበር።

«ከዚህ ሌላ እንዳትጠጪ፣ ቤዚዬ።»

«እሺ፣ እትዬ።»

ልጅ ናት። አንድ ቀን ከጨዋታ መጥታ በጄሪካን ክዳን እየቀዳች ስትጠጣ አገኘኋት። አፏን በክንዷ ጠርጋ፣ «ትንሽ ናት» አለችኝ።

ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። ትምህርት የጀመርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ፣ በማታው ክፍለ ጊዜ ነው። ዛሬ አንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እሠራለሁ። ዘግይቶ የተማረ ሰው የተጻፈ ነገር በቀላሉ አያልፍም መሰለኝ፣ የመድኃኒት ወረቀት እንኳ እስከ ግርጌው ሳላነብ አልጥልም። ዳንኤል በዚህ የተነሳ «ፕሮፌሰር» ይለኛል። ነገር ሳላጣራ መተው አልችልም። ከጎረቤት ጋር ግን ብዙ አላወራም።

ትምህርት ገና ሳይከፈት አንድ ሐሙስ ወይንሸት ቤዛን ይዛ ጤና ጣቢያ ሄደች፤ ተራዋን እኔ ልቀዳላት ቀረሁ። ቧንቧውን ስከፍተው መጀመሪያ አየር ነፋ፣ ከዚያ እንደ ሰው ሳለ፣ ከዚያ ውሃው መጣ። ጄሪካኑን ከመደቀኔ በፊት የቤዛን ጆግ ላለቅልቅበት ብዬ ከሥሩ ያዝኩት። ጆጉ የብርጭቆ ነው። የገባበት ውሃ የገብስ እጥበት ይመስላል፤ ሽታው ደግሞ ከመንገዱ ዳር ያለው የፍሳሽ ቦይ ሽታ ነው። ደንግጬ ደፋሁት። ሁለተኛ ሞላሁት፤ ያው ነው።

ወደ ቀን የራሴ ተራ ሲደርስ በዚያው ጆግ ቀዳሁ። ኩልል ያለ ውሃ።

ቢጫ ጄሪካን ውስጥ የገባ ውሃ መልኩ አይታይም። ወይንሸት ደግሞ ገበያ እንዳያመልጣት ሞልታ፣ ከድና፣ ሮጣ የምትወጣ ሰው ናት። እደጃፌ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። ቱቦው ሳምንቱን ሙሉ ሲያጠራቅም የሰነበተውን ሁሉ የምትቀዳው እሷ ነበረች። ሁላችንም አዝነንላት፣ በፍቅር የሰጠናት እሱን ነው።

ለሚመለከታቸው ደወልኩ። ቆይተውም ቢሆን አንድ ወጣት ሠራተኛ ላኩ። ቦቲ ጫማ ያደረገ፣ ትሑት ልጅ ነው። የመጣው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ውሃው ጠርቶ ካበቃ በኋላ። ብርጭቆ ጠይቆ ቀዳ፣ ወደ ፀሐይ አነሳው፣ ከዚያ ጠጣው።

«ይኸው እናቴ፣ ጠጣሁት። ሎሚ ብቻ ነው የጎደለው።»

«የጠዋቱን ነው የምልህ፣ ልጄ።»

«የጠዋቱን አሁን ከየት ላምጣልዎት?»

ጠዋት በጠርሙስ ቀድቼ ያስቀመጥኩት ነበረኝ፤ አምጥቼ ሰጠሁት። ከፍቶ ሲያሸተው ቀልዱን አቆመ። ግን ወዲያው መለሰልኝ። «ይሄ ለምርመራ አይሆንም። ጠርሙሱ ቀድሞ ምን እንደነበረበት አይታወቅማ።» ልክ ነው። እኔም በሱ ቦታ ብሆን አልቀበልም ነበር።

ልሸኘው በር ድረስ ስወጣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቱቦው አርጅቷል። ውሃ ሲቋረጥ ውስጡ ባዶ ይቀራል፤ በስንጥቁ በኩል ከውጭ ያለውን ይስባል። ውሃው ሲመለስ ቀድሞ የሚያመጣው ያንን ነው። መስመሩ ይቀየር ብለናል፣ እንግዲህ መቼ እንደሚቀየር... እስከዚያው የመጀመሪያውን አትቅዱ፣ ይፍሰስ።»

«እስከ መቼ ነው የሚፈስሰው?»

«እስኪጠራ።»

«ከጠራ ንጹሕ ነው ማለት ነው?»

ፈገግ አለ። ፌዝ አልነበረም፤ ያፈረ ሰው ፈገግታ ነው። «እሱንስ እኔም እርግጠኛ አይደለሁም፣ እናቴ» ብሎኝ ሄደ።

እሑድ ዕለት የግቢውን ሰው ሰበሰብኩ። ያየሁትንም የሰማሁትንም በቅደም ተከተል ነገርኳቸው። አልማዝ ራሷን ያዘች። «ሳምንት ሙሉ የጠበቅነውን ውሃ መሬት ላይ እናፍስ? ኧረ ግፍ ነው፣ እትዬ! እግዜርም አይወደው!»

ጋሽ ገመዳ በምርኩዛቸው መሬቱን መታ አደረጉ። «ላም እንኳ የደፈረሰ ሲያጋጥማት ቆማ እስኪጠራ ትጠብቃለች። እኛ ከላም አንሰን ነው? ይፍሰስ።»

ወይንሸት ቤዛን አቅፋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «እትዬ ካለች ይሁን» አለች። «እትዬ አንብባ ነው የምትናገረው።»

ይህን አባባሏን ዛሬም አልወደውም።

ሐሙስ ደረሰ። ሁላችንም ቧንቧው ዙሪያ ቆምን። አየሩ ነፋ፣ ቱቦው ሳለ፣ ውሃው መጣ። አልማዝ ነጭ ሳፋዋን ከሥሩ አስገባች። በሳፋው ላይ የታየውን ካዩ በኋላ ማንም ግፍ ነው አላለም። ደፋችው። ውሃው በበሩ ሥር አልፎ ወደ ቦዩ መንጎድ ጀመረ።

ውሃ እየፈሰሰ ቆሞ ማየት እንዲህ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር። ሰው ሁሉ ጄሪካኑን ይዞ ወደ መሬት ያያል።

«አሁንስ?» አለች አልማዝ።

በብርጭቆ ቀድቼ ወደ ብርሃን አነሳሁት። ገና ነው። «ትንሽ ይፍሰስ» አልኩ።

«ፕሮፌሰር» አለ ዳንኤል፣ «ቦዩ እኮ ገላውን ታጥቦ ጨረሰ፤ እኛ ብቻ ነን ያልታጠብነው።» ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ድጋሚ ቀዳሁ። ሽታው ጠፍቷል ማለት ይቻላል። ከብርጭቆው ግርጌ ግን የሆነ ብናኝ ይዋኛል። ወይንሸት ጄሪካኗን አስጠግታ ዓይን ዓይኔን ታያለች።

«ትንሽ ብቻ» አልኩ።

ያን ጊዜ ቱቦው አንዴ ሳለና ቀጥ አለ።

አልማዝ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው አዞረችው፣ በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። ጠብታ። ከዚያ ጠብታውም ቆመ። ይመለሳል ብለን እስኪመሽ ጠበቅን። አልተመለሰም። በሚቀጥለው ሐሙስም አልመጣም።

ማንም አልሰደበኝም። ብሰደብ ይሻለኝ ነበር። አልማዝ እንኳ በአጠገቤ ስታልፍ፣ «ምን ታደርጊ፣ ለደግ ብለሽ ነው» አለችኝ። ዳንኤል «ፕሮፌሰር» ማለቱን ለጥቂት ቀን ተወ፤ ያ ነው ከሁሉ የከፋኝ።

በአህያ ጋሪ ውሃ የሚያዞር ሰው መጣና ሁላችንም ገዛን። የጄሪካኖቹ አፍ አረንጓዴ ሽበት አውጥቷል። ከየት ነው የምትቀዳው ብዬ ጠየቅሁት። «ከጎፋ ነው፣ እናቴ፤ እንደ ወተት ነው» አለኝ። ከጎፋ የቱ ጋ ብዬ ስጠይቀው አህያዋን «ሂጅ!» ብሎ መታት። ወይንሸት የገዛችውን ይዛ መጥታ፣ «ይሄንስ ምን ትይዋለሽ?» አለችኝ። «አፈላዋለሁ» አልኳት። እያፈላሁ መብራት ሄደ። ከሰል አቀጣጥዬ ጀመርኩ፤ ቤዛ ግን እስኪፈላ፣ እስኪበርድ የምትጠብቅ ልጅ አይደለችም፤ ደግሞም ሙቀት ነበር።

ትኩሳቱ ተመለሰ። በዚህኛው ዙር አልጋ ተሰጥቷት ግሉኮስ ተተከለላት። ክንዷ ቀጭን ስለሆነ ነርሷ የደም ሥር እስክታገኝ ደጋግማ ወጋቻት። ቤዛ ማልቀስ እንኳ ሰልችቷት ግድግዳውን ታይ ነበር።

ወይንሸት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እትዬ፣ ከየትኛው ይሆን?» አለችኝ።

ከቧንቧው ይሁን፣ ከጋሪው፣ በደንብ ሳይፈላ ከወረደው፣ ወይስ ቀድሞውንም ካልለቀቃት በሽታ፣ አላወቅሁም። ነርሷን ጠየቅኳት። «ከውሃ ነው» አለችና ወደሚቀጥለው አልጋ ሄደች። እዚያም ልጅ ተኝቷል።

ያኔ በስብሰባው ላይ ሳልናገር የዘለልኩትን፣ የእሷን ተራ ነገር አነሳሁላት። ያን ከሁሉ የከፋውን የመጀመሪያ ውሃ እኛ ሳናውቅ ለእሷ ስንሰጥ እንደኖርን፣ አሁን ተራዋን ለሌላ ሰው ብትሰጥ እንደሚሻል።

«ለማን ልስጠው?» አለችኝ። «ለአልማዝ? እሷም ልጆች አሏት።»

«እንግዲያው መጨረሻ ሁኚ።»

«መጨረሻ ከሆንኩማ ምን ይደርሰኛል፣ እትዬ?»

የማጣራት ልማዴ ሁሉ እዚህ ጋ አለቀ። በአንድ ቧንቧ ላይ መጀመሪያ የሆነ ቆሻሻውን፣ መጨረሻ የሆነ ባዶውን ያገኛል፤ መሐል ላይ ደግሞ ለሁሉም የሚሆን ቦታ የለም።

ቤዛ ተሽሏት ወጣች። ከስታለች፣ ቀሚሷ ከትከሻዋ ይንሸራተታል፤ ግን ትጫወታለች።

ውሃው በሦስተኛው ሐሙስ መጣ። ሁሉም እንደ ወትሮው ተሰለፈ፤ ወይንሸትም እንደ ወትሮው ፊት ላይ ነበረች። ቧንቧውን ከፈተችው፣ ጄሪካኑን ግን አልደቀነችም። ውሃው እግሯ ሥር ይፈስሳል፣ እሷ ወደ እኔ ታያለች። ከኋላዋ ያለው ሰው ሁሉ ወደ እኔ ያያል።

«እትዬ፣ ልቅዳ?»

ብርጭቆውን አነሳሁ። የጠራ ይመስላል። የጠራ ሁሉ ንጹሕ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ቱቦው መቼ ቀጥ እንደሚል ግን አላውቅም።

«ቅጂ» አልኳት።

መስመሩ እስከ ዛሬ አልተቀየረም። ደጋግሜ ደውያለሁ፤ ዕቅድ ተይዞለታል ይሉኛል። ሐሙስ በመጣ ቁጥር ወይንሸት ቧንቧውን ከፍታ ትጠይቀኛለች፣ እኔም «ቅጂ» ወይም «ትንሽ ይፍሰስ» እላታለሁ። ከፊቷ የሚያውቅ ሰው መስዬ ነው የምናገረው፤ እኔም አላውቅም ብላት ያው አንድ ሰው ወስኖ መቅዳቱ አይቀርም። ከዚያ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ጆሮዬ ከእነሱ ቤት የሚያዋስነኝ ግድግዳ ላይ ነው፤ ልጅቷ «ሆዴን» ስትል እንዳልሰማ እየፈራሁ።