ማሲንቆ የሰማ ሹፌር

ወደ ተከዜ ሐይቅ የሚወርደው ሚኒባሳችን መንገድ ዳር ካለ ጠላ ቤት ቆመ። ስገባ ጥቁር ልብሴን ያዩት ሽማግሌ አዝማሪ ማሲንቋቸውን መምታት አቆሙ። ወንድሜ ከሞተ ሦስት ወሩ ነው። በእኛ አገር ሐዘንተኛ ፊት አይዘፈንም።

ዝምታው ወደ ሰባት ዓመት ልጅነቴ መለሰኝ። የጭነት መኪና ሹፌር የነበረው ወንድሜ ሐይቁን ሊያሳየኝ ከሰቆጣ ጋቢና አስቀምጦ ይዞኝ ወረደ። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ ይሸታል። ማሲንቆ በሰማ ቁጥር ግን ይቆማል። የሚጠጣው ብርዝ ብቻ ነው፤ ትከሻው ግን አያርፍም።

«አንተ፣ በብርዝ እንዲህ የሆንክ ጠላ ብትቀምስማ ጣራዬን ታፈርሰው ነበር!» አለችው አንዷ ጠላ ሻጭ።

እኔ ሐይቁ ናፍቆኝ አለቀስኩ።

«ሐይቁ የትም አይሄድ፣ ወንድምዬ። የሚሄደው ሰው ነው» አለኝ። እዚያ የሚጫወተው አዝማሪ አገር ሊለቅ ነው ብዬ አሰብኩ።

ከመታጠፊያው ስንወርድ ውሃው በተራሮቹ መሐል ሰማያዊ ሆኖ ታየን። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ወደ ሽማግሌው አዝማሪ ዞሬ፣ «አባባ፣ እባክዎ ይጫወቱ» አልኳቸው።

«ሐዘንህስ፣ ልጄ?»

«የሞተው ወንድሜ ነው። እሱ... ማሲንቆ ሲቆም አይወድም ነበር።»

ቃኝተው ጀመሩ። የሚኒባሱ ሹፌር እንሂድ ብሎ ጡሩንባ ቢነፋም፣ እስኪጨርሱ ከመደቡ አልተነሳሁም።