አውቅሃለሁ ያለኝ ሰው

የያዙኝ ከሥራ ወጥቼ ባጃጅ ስጠብቅ ነው። ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ መጥተው ቆሙ። አንደኛው ስልኬን ከእጄ ወሰደና «ትንሽ የምንጠይቅህ ነገር አለ» አለኝ። ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም። ከሰቆጣ ወጣ ብሎ ወዳለ አሮጌ የእህል መጋዘን ወሰዱኝ። የየትኛው ወገን ሰዎች እንደነበሩ እዚህ አላነሳም። በዚያ ሰሞን ሰው ሁሉ ሰውን በጥርጣሬ ነበር የሚያየው።

የምሠራው በአእምሮ ሕክምና ነው። ነርስ ነኝ፤ አገራችን ግን ነጭ ጋዋን የለበሰን ሁሉ ዶክተር ይላል። በዚያ ዓመት ስለ ትዝታ ጥናት ያካሂዱ የነበሩ ተመራማሪዎችን አግዝ ነበር። ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎችና በአደጋ አንጎላቸው የተጎዳ ሰዎች ያለፈውን እንዴት እንደሚያስታውሱ እናነጻጽራለን። ታማሚው ከፈቀደ ድምፁን በስልኬ እቀዳለሁ። ለመያዜ ምክንያቱም ይኸው ነበር።

መርማሪው ጎልማሳ ሰው ነው፤ ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ከፈተው። መጀመሪያ የራሴ ድምፅ ተሰማ፦ «የሚያዝዎት ማን ነው?» ቀጥሎ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚናገር የሌላ ሰው ድምፅ፦ «በግድግዳው በኩል የሚያናግሩኝ ናቸው። ሂድ ይሉኛል፤ ቁም ይሉኛል።»

«ማን ነው ይሄ? የሚያዙትስ እነማን ናቸው?»

«ታማሚ ነው። የሚያዘው ሰው የለም። ሌላው የማይሰማው ድምፅ ነው የሚሰማው።»

«ስሙን ንገረኝ።»

«የታማሚ ስም መናገር አልችልም።»

መርማሪው አላስጨነቀኝም። ብዕሩን ከድኖ «ታስብበታለህ» አለና አስወሰደኝ። ባይጮህብኝ የበለጠ ፈራሁት።

የታሰርኩበት ክፍል ግድግዳው ቆርቆሮ ነው። የማሽላ አቧራና የአይጥ ሽታ ይሸታል። ፀሐይ ስትበረታ ቆርቆሮው ቋ ቋ ይላል፤ ድምፁ በተሰማ ቁጥር የሚወስደኝ ሰው የመጣ እየመሰለኝ ወደ በሩ እዞራለሁ። አንዳንዴ ደግሞ ከማዶው ክፍል የሰው ጩኸት ይመጣል። ያኔ ሁላችንም እግራችንን እናያለን።

ሁላችን ስል ሦስት ነን። አንዱ ከአምደወርቅ ገበያ ሲመለሱ የተያዙ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። ሌላው በጋዝጊብላ በኩል የሚያስተምሩ የድጓ መምህር። ብቻቸውን በመንገድ ሲሄዱ አገኟቸው። ከየት እንደመጡ ሲጠየቁ አንድ ነገር፣ መልሰው ሲጠየቁ ሌላ ነገር በማለታቸው ነበር የታሰሩት። የኔታ እላቸው ጀመር።

«ልጄ፣ ይህ ቦታ የት ነው?» አሉኝ ገና ስገባ።

«ሰቆጣ ነው፣ የኔታ። እስር ቤት ነው።»

ፊታቸው ጠቆረ። «ምን አጥፍቼ ነው? አንተንስ ለምን አመጡህ?»

ፍርሃቱ አስለፍልፎኝ ነው መሰል ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ ቅጂው፣ በግድግዳ በኩል ድምፅ ስለሚሰማው ሰው። በጥሞና ሰሙኝ፤ ከንፈራቸውንም መጠጡልኝ። ጥቂት ቆይተው ዞር አሉና «ልጄ፣ ይህ ቦታ የት ነው?» አሉኝ። ስነግራቸው ፊታቸው እንደ መጀመሪያው ጠቆረ።

ገበሬው ወደ ጥግ ሳብ አደረጉኝ። «ዶክተር፣ አፍህን ያዝ። ይህ ሰውዬ ጆሮ ጠቢ ነው። እኔንም ስምህ ማን ነው፣ አገርህ የት ነው ሲለኝ ነው የሚውል።»

እኔ ግን ከጥምጣማቸው ሥር ወደ ጆሯቸው የወረደውን ጠባሳ አይቼ ነበር። «ምን ሆነው ነው የኔታ?» አልኳቸው። «በቅሎ ጣለችኝ» አሉ። ከሰዓት በኋላ ስጠይቃቸው የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ሲከድኑ ወድቀው እንደሆነ ነገሩኝ። ሁለቱንም ያሉት ያለ አንዳች ማመንታት ነው። እንዲህ ያለ ነገር በሥራዬ አውቃለሁ። አንጎል ሲጎዳ ትዝታ በተነቀለበት ቦታ ሌላ ነገር ይተክላል፤ ባለቤቱም የተተከለውን ከእውነተኛው አይለየውም። ይህ ለእኔም አደጋ ሊሆን እንደሚችል ግን አላሰብኩም።

በማግስቱ መርማሪው አስጠራኝ። የኔታ እዚያው ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል።

«ይህን ሰው ያውቁታል?» አላቸው።

የኔታ አዩኝ። ፊታቸው በራ። «እንዴታ፣ አውቅሃለሁ።» አሉኝና ወደ መርማሪው ዞሩ። «እኛ ቤት መጥቶ ነበር።»

«ከማን ጋር?»

«በግድግዳ በኩል ከሚያናግሩት ሰዎች ጋር።»

ራሴ የነገርኳቸው ወሬ ነው በእኔ ላይ ምስክር ሆኖ የቆመው። መርማሪው አላፈጠጠብኝም። ወንበሩን ጠጋ አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አንተ ባለሙያ ነህ። ይህ ሰው ወይ እውነቱን ነው፣ ወይ እያስመሰለ ነው። እያስመሰለ ነው ካልክ፣ በአንተ ላይ ያለው ሁሉ ይወድቃል። ቤትህ ትገባለህ። እሱን እኛ እናናግረዋለን።»

እናናግረዋለን ማለት ምን እንደሆነ በቆርቆሮው በኩል ሰምቻለሁ። ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። አንዲት ቃል ናት። ባለቤቴ የት እንዳለሁ አታውቅም፤ ነፍሰ ጡር ነበረች። እየዞረች ስታፈላልገኝ ታየችኝ። የኔታ ደግሞ ስለ ማን እንደምንነጋገር ሳያውቁ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ፈገግ ብለው ያዩኛል።

«አያስመስሉም» አልኩ።

«እንግዲያ እውነት ነው ማለት ነው።»

«እውነትም አይደለም። ታመው ነው።»

ሳቅ አለ። «ድጓውን አንድ ሳይስት ሲያዜም ሰምቼዋለሁ። ያን ሁሉ የያዘ ጭንቅላት ትናንትን ረሳ ልትለኝ ነው?»

«ድጓውን የያዙት ከመጎዳታቸው በፊት ነው። የድሮው አልተነካም፤ አዲሱ ነው የማይቆይላቸው። ክፍተቱን በሰሙት ነገር ይሞሉታል። አስበው አይደለም።»

«በምን ልመንህ?»

«ስለ ራስዎ ይጠይቋቸው» አልኩት።

ቀድሜ ወደ የኔታ ዞርኩ። እንደ ዕቃ ሲጠየቁ ቆሜ ማየት ከበደኝ። «የኔታ፣ ስለ ሕመምዎ ለእኚህ ሰው ላስረዳ ነው። ይፈቅዱልኛል?»

«ሕመም አለብኝ እንዴ?»

«አንዳንድ ነገር ይጠፋብዎታል።»

«እንዲያ ከሆነ ተናገር። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም።»

መርማሪው ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔንስ ያውቁኛል?»

የኔታ አተኩረው አዩት። «ለምን አላውቅህም! ከዚህ ልጅ ጋር አብራችሁ መጣችሁ። መደቡ ላይ ተቀመጥክ። እንጀራ ሲቀርብልህ ጾም ነኝ አልክ።»

«መቼ?»

«ባለፈው እሑድ ነዋ።»

ባለፈው እሑድ የኔታ እዚህ ታስረው ነበር። ግድግዳውን ተደግፎ የቆመው ጠባቂ ሳቁ አመለጠውና በሳል ሸፈነው። መርማሪው ወደ ጠባቂው ዞር አለ፤ ጆሮው ቀላ። ያን ጊዜ የገባኝ ነገር እሱም የሚፈራው አለቃ ያለው መሆኑ ነው። ከእኔ ጋር አንድ መደብ ላይ ተቀመጠ የሚል ምስክር ለማንም አይበጅም።

«ይህን ቃል ሌላ ቦታ እንዳይደግሙት» አላቸው፤ አንቱታው ጠንከር ብሎ።

«የቱን ቃል?» አሉ የኔታ።

መርማሪው ሁለታችንንም ወደ ክፍላችን አስመለሰን። ያደረግሁት ይጥቀማቸው ይጉዳቸው አላወቅሁም ነበር። የሚያፍሩበትን ምስክር ሰዎች ምን እንደሚያደርጉት እያሰብኩ ቆርቆሮው በጮኸ ቁጥር ወደ የኔታ አያለሁ።

ነገሩን ለገበሬው አስረዳኋቸው። «እንግዲህ እስር ቤት ነው ባልነው ቁጥር አዲስ መርዶ ነው የምንነግረው» አሉ።

ጥቂት ቆይተው የኔታ «ይህ ቦታ የት ነው?» ሲሉ ገበሬው ቀደሙኝ። ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሡና በአካባቢው ቋንቋ፣ በኽምጣኛ፣ መለሱላቸው። የኔታም በኽምጣኛ አንድ ነገር ጠየቁ። ሲነጋገሩ የየኔታ ትከሻ ሲላላ አየሁ። ምን እንዳሏቸው ጠየቅኋቸው።

«ሰቆጣ ነው፣ ከእርስዎ ጋር ነን አልኳቸው። ውሸት የለበትም።»

ከዚያ ወዲያ እኔም እንዲያው አደረግሁ። በጠየቁ ቁጥር ገና አሁን እንደተጠየቅን ሆነን፣ ተነሥተን መለስንላቸው። ሲያደክመንም ነበር። አንድ ጊዜ ገበሬው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ሲተነፍሱ አይቻለሁ፤ ከዚያ ዞረው መለሱላቸው።

የኔታን ከእኔ በፊት ቤተሰቦቻቸው መጥተው ወሰዷቸው። እኔ እስክፈታ ድረስ መርማሪው ስለ ታማሚዬ ስም ደጋግሞ ጠይቆኛል፤ መልሴ ያው ነበር። ለምን እንደተፈታሁ አልነገሩኝም። ገበሬው ቀርተው ነበር፤ በኋላ ወጡ ሲባል ሰማሁ እንጂ አላየኋቸውም።

አሁንም የምሠራው ሰቆጣ ነው። ከጥቂት ጊዜ በፊት የኔታን ባለቤታቸው ለክትትል አመጧቸው። እንደማያውቁኝ ሰው ሰላም አሉኝ፤ እኔም ስሜን ተናግሬ ተዋወቅኋቸው። የተጎዱት ተሳፍረውበት የነበረ አይሱዙ ተገልብጦ እንደሆነ ያን ቀን ነው የሰማሁት። ባለቤታቸው ወደ ጎን ወሰድ አድርገው አንድ ነገር ጠየቁኝ።

«መታሰሩን አያውቅም። እኛም አልነገርነውም። ግን ከዚያ ወዲህ ብርድም ቢሆን በር ተዘግቶ ቤት ውስጥ አይቀመጥም። ለምን ስለው አላውቅም ይለኛል። ይህ ከሕመሙ ነው?»

አእምሮ የረሳውን ሰውነት ሊይዘው እንደሚችል ነገርኳቸው። ካልጠየቁ አይንገሯቸው፣ በሩን ግን ክፍት ይተዉላቸው አልኳቸው።

እኔም በር ዘግቼ አልቀመጥም። ልጄ ብርድ ነው ስትለኝ ጋቢ ደርቤላት ገርበብ አደርገዋለሁ። የእኔ ከየኔታ የሚለየው ለምን እንደሆነ ማወቄ ነው፤ ማወቄ ግን በሩን ለመዝጋት አልረዳኝም።