ከልብስ ማጠቢያው የወጣው ቀለበት

ኒቫልዶ የሚፈራው ጨለማውን ሳይሆን ጸጥታውን ነው። ከካማጉዌይ ከተማ ወጣ ብሎ፣ በተዘጋው የስኳር ፋብሪካ ሰፈር፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰው ሁሉ መንግሥተ ሰማያትን ሳይቀር ይራገማል። ቬንቲሌተሩ ይቆማል፤ የጎረቤት ሬዲዮ አፉን ይይዛል። ኒቫልዶ ግን ወንበሩን ተሸክሞ ወደ በረንዳው ይወጣና ጆሮውን ወደ ትልቁ መንገድ ያዘነብላል። ከሸንኮራው ማሳ ማዶ፣ ነዳጅ የሚሰጠው ሰው ሳይኖር በራሱ የሚጮኽ ሞተር ይሰማዋል። ጩኸቱ ይጨምራል፣ ይጨምራል፣ ከዚያ ድንገት ቀጥ ይላል።

"ሰማህ?" ይለዋል ከአጥሩ ወዲያ የተቀመጠውን ጎረቤቱን ኤልፒዲዮን።

"የሰማሁት የሆዴን ጩኸት ነው" ይላል ኤልፒዲዮ። "ከትናንት ጀምሮ ባቄላ እየለመነኝ ነው።"

ኒቫልዶ ዕድሜውን የጨረሰው በፋብሪካው የብረት መቅረጫ ማሽን፣ በቶርኖው ላይ ነው። ሸንኮራ መጭመቂያው ሲሰበር ከሩሲያ እስኪመጣ የሚጠበቀውን ዕቃ እሱ ከወዳደቀ ብረት ይቀርጸው ነበር። ፋብሪካው ከተዘጋ በኋላም ሰው ማሰሮውንም ብስክሌቱንም ይዞ ወደ እሱ ይመጣል። ምስጋና ይወድ ነበር፤ ይህንን መደበቅ አያስፈልግም። ያ ሁሉ መከራ የመጣውም ከምስጋናው ጋር ተያይዞ ነው።

ልጁ ዮስቤል የምሥራቅ ጀርመን ሞተር ሳይክል ነበረችው፤ ዘይት ከቤንዚን ጋር ተደባልቆ የሚሰጣት፣ ሰማያዊ ጭስ እየለቀቀች የምትሄድ አሮጌ። አንድ ቀን መብራት በሚያመነጨው ጄኔሬተር በኩል የሞተሩን ዘንግ የሚያቅፈው የጎማ ቀለበት አለቀ። ያ ቀለበት ዘይትን ከመያዝ በላይ ሥራ አለው፤ አየር ወደ ሞተሩ ሆድ እንዳይገባ ይዘጋል። በአውራጃው ውስጥ ግን አንድም አልተገኘም። ችግር ብልሃትን ይወልዳል እንዲሉ፣ ኒቫልዶ ከቆመ ብዙ ጊዜ የሆነውን የሚስቱን የሩሲያ ልብስ ማጠቢያ ፈታ፤ ከውስጡ ሁለት መንታ ቀለበቶች አወጣ። ለቦታው ትንሽ አነስ ስላሉ ለአንዱ ዙሪያውን የሚሞላ ስስ የብረት እጅጌ በቶርኖ ቀርጾለት ቦታው ላይ አስገባው። ሌላውን ለክፉ ቀን ብሎ ግድግዳው ላይ በሚስማር ሰቀለው።

ሰፈሩ በጭብጨባ ተቀበለው። "ከእንግዲህ ዮስቤል ሸሚዙን የሚያጥበው በሞተሩ ነው!" አለ ኤልፒዲዮ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ኒቫልዶም ኮራ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ዮስቤል ለካርኒቫል ወደ ጎረቤት ከተማ ሲሄድ ትልቁ መንገድ ላይ ወድቆ ሞተ። ለቅሶ ላይ ገሚሱ የመንገዱን ጉድጓድ፣ ገሚሱ መጠጡን ሩሙን ከሰሰ። ኒቫልዶ አዎ እንደ ማለት ራሱን ነቀነቀ። ነገር ግን አስፋልቱ ላይ የተጋደመውን ረጅም ጥቁር የጎማ መስመር በዓይኑ አይቶት ነበር። የኋላ ጎማው እየተንከባለለ አልሄደም፤ ተቆልፎ ነው የተጎተተው። ጎማ እንደዚያ የሚቆልፈው ፒስተኑ ነክሶ የቆመ ሞተር እንደሆነ ማንም መካኒክ ያውቃል። ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም አለ።

ሚስቱ ሶራይዳ ሞተሩን ጓሮ ክፍል አስገብታ በመጋረጃ ሸፈነችው፤ እስክትሞትም ከሞተችም በኋላ ማንም አልነካውም። ሚስማሩ ላይ የቀረውን ቀለበት ቤንዚን ውስጥ ጥሎ ቢያሳድረው ኒቫልዶ እውነቱን ባወቀ ነበር። ጎማው እንዳለ ከወጣ እጁ ንጹሕ ነው፤ ካበጠ ግን አይደለም። አንድ ብርጭቆ ቤንዚን ብቻ። ዓመታት አለፉ፤ በሚስማሩ አጠገብ ባለፈ ቁጥር ዓይኑን ወደ ሌላ ይመልሳል። ፈሪ አትበሉት፤ እውነቱን ማወቅ ምን እንደሚገድል የሚያውቅ ሰው ለማወቅ አይቸኩልም።

አሁን ከእሱ ጋር የምትኖረው ሴት ልጁ ማይሌን ነርስ ናት። ክሊኒኳን ራቅ ወዳለ መንደር ካዛወሩት ወዲህ አውቶቡስ ስለሌለ በትራክተር ተንጠልጥላ ትሄዳለች። አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ በፋሻ የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሁለት አዲስ የጎማ ቀለበቶች ነበሩ።

"ከየት አመጣሽው?"

"አንድ በሽተኛ ወንድሙ ከፓናማ ያመጣለትን ሰጠኝ። መርፌሽ አያምም ብሎ።"

"ሰውየው የመጣው በአእምሮ ሕመም ነው እንዴ?"

"ቀልዱን ተወውና ሞተሩን ትሠራልኛለህ፣ አባዬ።"

የኒቫልዶ ሳቅ ከፊቱ ጠፋ። "ያ ሞተር ሞቷል። እዚያው ይረፍበት።"

"እኔ ከትራክተር ጀርባ ወድቄ ልሙትልህ? በዝናብ ስሄድ አይተኸኛል?" ድምጿ ከፍ አለ። "አንተ ካልሠራኸው ፌሊቶ ይሠራዋል። ጋሪ ይዞ ሊወስደው ተነጋግረናል።"

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ፌሊቶ ጎበዝ መካኒክ ነው፤ ሽፋኑን እንደከፈተ ያን ቀለበት ያያል፣ ያየውንም ዶሚኖ ጨዋታ ላይ ያወራል።

"ፌሊቶ እጁን አያስገባበትም" አለ ኒቫልዶ።

በማግስቱ ጠዋት መጋረጃውን ገፈፈ። ሞተሩን ጓሮ ወደ ማንጎው ጥላ ሲገፋው ኤልፒዲዮ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ "አንተ ሽማግሌ፣ ሙሽራህን የት ልትወስዳት…" ብሎ ጀመረና የዮስቤል ሞተር መሆኑን ሲያይ ቀልዱን ተወው። ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ቤቱ ገባ።

ሽፋኑን የያዘው አራት ቡሎን ነው። ጄኔሬተሩን አወጣ፤ ዘንጉ ላይ የተጣበቀውን ክብ ማግኔት በረጅም ቡሎን ገፍቶ አላቀቀው። ከስሩ ያ የገዛ እጁ ሥራ፣ ስሱ የብረት እጅጌ፣ ዛሬም እያበራ ተቀምጧል። በእጅጌው መሐል የነበረው ቀለበት ግን አብጦ፣ ከንፈሩ ወደ ውጭ ተገልብጦ፣ እንደ ተቀቀለ ካሳቫ ልል ብሏል። በጥፍሩ ሲጫነው ጥፍሩ ታተመበት። በካቻቢቴ ነቅሎ መዳፉ ላይ አኖረው፤ ከዚያ ሄዶ ሚስማሩ ላይ ያለውን መንታውን አወረደና ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። የአንድ እናት ልጆች አይመስሉም ነበር።

ሽንት ቤቱ አሥር እርምጃ አይሞላም። ያበጠውን ወርውሮ አዲሱን ቢያስገባ ሰማይም ምድርም አያውቅም። ኒቫልዶ እንዲያውም ተነሥቶ ግማሽ መንገድ ሄዷል። ያቆመው የማይሌን የራስ መከላከያ ቆብ ነው፤ ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ነገ በዚህ ሞተር ላይ፣ በእነዚህ እጆች ሥራ ላይ የምትቀመጠው እሷ ናት። የማንን እጅ እንደምታምን ሳታውቅ?

እሷም ወዲያው ቡና ይዛለት ወጣች። "ምን ሆኖ ነው?"

"ይሄ ነው ወንድምሽን የገደለው" አላት መዳፉን ዘርግቶ። "ያስገባሁትም እኔ ነኝ። ለውሃ የተሠራ ጎማ ነው፤ ቤንዚን ሲነካው ያብጣል። ካበጠ አየር ያስገባል፤ አየር ከገባ ሞተሩ ነዳጅ ሳይሰጡት ይጮኻል፣ ይግላል፣ ፒስተኑ ይነክሳል፣ የኋላ ጎማው ይቆለፋል። ጉድጓዱ አይደለም፣ እናቴ። ሩሙም አይደለም። እኔ ነኝ።"

ማይሌን የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠች። ቡናው ከእጇ ፈሰሰ፤ አላስተዋለችውም።

"ጮኾ ነበር" አለች።

"ምኑ?"

"ሞተሩ። ሐሙስ ዕለት ዮስቤል ነግሮኛል። 'ነዳጅ መስጫውን ስለቀው አይወርድም፣ በራሱ ይጮኻል' አለኝ። 'ለአባዬ እንዳትነግሪ። ከሰማ ይፈታውና ካርኒቫሉ ያመልጠኛል። እሁድ ራሴ እነግረዋለሁ' አለኝ። እኔ ሳቅሁበት እንጂ አልነገርኩህም።" እንባዋ መጣ። "አንተ በረንዳ ላይ ሆነህ 'ሰማህ?' ስትል፣ እኔ ወጥ ቤት ቆሜ የምትጠይቀኝ እኔን ይመስለኝ ነበር። በየጊዜው። እኔንም ይሰማኛል፣ አባዬ። እኔም እሰማዋለሁ።"

ከዚህ በኋላ ጥፋቱ የማነው ብለው አልተካፈሉም። አባትና ልጅ ማንጎው ሥር ተቃቅፈው እንደ ሕፃን አለቀሱ፤ ኤልፒዲዮም ከአጥሩ ወዲያ በሰው ቤት ለቅሶ ይነፋረቅ ነበር።

በተጫረው ፒስተን ምትክ ፌሊቶ ከሌላ ሞተር አንድ አውጥቶ አመጣላቸው፤ እሱም ምንም አልጠየቀም። አዲሱን ቀለበት ያስገቡት ሁለቱ ናቸው። ኒቫልዶ ቀለበቱ የሚቀመጥበትን ቦታ በጨርቅ ወለወለ፣ የቀለበቱን ከንፈር ግራሶ ቀባ፣ ስፕሪንጉ ያለበትን ጎን ወደ ውስጥ አደረገ። ማይሌን ልኩ የሆነ የቡሎን መፍቻ ቡሾላ ደግፋ ያዘችለትና እሱ በመዶሻው ጀርባ ቀስ እያለ፣ ዙሪያውን መታው።

"እንደ መርፌ ነው አይደል?" አለች።

"እንደ መርፌ ነው። ያንቺን ዓይነት አይደለም እንጂ።"

በማርሹ በኩል ያለውንም ቀይረው ጨረሱ። በሦስተኛው ርግጫ ሞተሩ ተነሣ፤ ጓሮው ጭስ ለበሰ። ኒቫልዶ ነዳጅ ሰጠና ለቀቀ። ድምፁ ወረደ። እንደገና ሰጠ፣ ለቀቀ፤ ወረደ። እንደገና።

"ቤንዚኑን ጨረስከው እኮ!"

"ማዪልኝ" አላት። "ከጮኸ ዕለቱን ትነግሪኛለሽ። ካርኒቫልም ቢሆን፣ ሠርግም ቢሆን።"

"ዓይኔን ግንባር ያድርገው።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሥራ ስትመለስ ገና ሰላም ሳትለው "አልጮኸም" ትለዋለች። ያኛው ጩኸት ግን አልተዋቸውም። መብራት ሲጠፋ ዛሬም ከሸንኮራው ማዶ ይመጣል፤ ኒቫልዶ "ሰማሽ?" ሲላት ወንበሯን አስጠግታ "ሰማሁ" ትላለች። ኤልፒዲዮ ስለ ሆዱ መቀለድ ትቷል።

በክረምቱ መግቢያ አንድ ምሽት ሩዝና ጥቁር ባቄላ ቀርቦ ሲበላ ማይሌን በዝናብ በስብሳ ገባች። ቆቧን ገና አላወለቀችም።

"ዛሬ ትንሽ ጮኸ፣ አባዬ።"

ኒቫልዶ የቡሎን መፍቻውን ይዞ ወጣ። ካርቡራቶሩን የያዘው ቡሎን ላልቶ አየር እያስገባ ኖሯል፤ አጠበቀው። ከዚያ ገና የሞቀው ሞተር ላይ እጁን አሳርፎ፣ በዝናቡ ውስጥ ቆሞ አለቀሰ። ማይሌን እስከ እሁድ ድረስ አልጠበቀችም።