የልደታ ጃንጥላና የአባዬ አንድ ቃል

አባዬን ስትሮክ ሲመታው ቀኝ ጎኑን ወሰደ፣ ንግግሩንም ወሰደ፤ አንድ ቃል ብቻ ረስቶ ሄደ። ሐኪሙ ያጋጥማል አለን፤ ሰው ዕድሜ ልኩን በአፉ ያመላለሰው ቃል አንዳንዴ ለብቻው ይተርፋል። እማዬ ይህን ስትሰማ ፊቷ በራ። “ጸሎት ይሆናላ!” አለች። ምስኪን እናቴ! አባዬ ዕድሜውን የጨረሰው የጭነት መኪና መሪ ጨብጦ ነው። የተረፈችው ቃል “አህያ!” ነበረች።

ሻይ ሲያምረው አህያ። እግሩን ሲጠዘጥዘው አህያ። ዜና አንባቢው አህያ፣ እኔም ከሥራ ስገባ አህያ። የምንለየው በድምፁ ነው። ሳብ አድርጎ ካላት ውሃ ጠምቶታል፤ ቆረጥ ካደረጋት ትራሱ ተንሸራቷል። እኔና እማዬ ቋንቋውን ለምደነዋል፤ እንግዳ ሲመጣ ግን ላብ በላብ እንሆናለን።

ቤታችን ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። አባዬ ከሆስፒታል ሲመለስ ጎረቤቶች በወንበር ተሸክመው አወጡት፤ ከዚያ ወዲያ መሬት አልረገጠም። አልጋውን ሳሎን፣ ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት አደረግንለት። የልደታ ቤተ ክርስቲያን ቅርባችን ናት፤ ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ አልጋው ድረስ ይመጣል።

ድሮ ማታ ማታ እማዬ ቆማ ትጸልያለች፣ እሱ ሶፋው ላይ ተጋድሞ በየመሀሉ “አሜን” ይላል። የአባዬ ሃይማኖት በቃ ይቺው ነበረች። አንዳንዴ እንቅልፍ ይወስደውና ያለቦታው “አሜን” ሲል እማዬ በነጠላዋ ጫፍ ቸብ ታደርገዋለች። ከታመመ በኋላ ያቺ ድምፅ ቀረች። እማዬም ለልደታ ተሳለች። ይራመድልኝ አላለችም፣ ቀኝ እጁን መልሽልኝ አላለችም። “ለብቻዬ አሜን ማለት መረረኝ። አንዲት ጊዜ ብቻ አሜን አሰኚልኝ፤ ባለወርቅ ዘርፍ ጃንጥላ ይዤልሽ እመጣለሁ” አለቻት።

እንግዲህ ስለት የሚገባው ሲሰምር ነው፤ ይህን የማያውቅ የለም። እናቴ ግን ጃንጥላውን ቀድማ ገዝታ መጣች! “እማዬ፣ መጀመሪያ ይስመርልሽ እንጂ” ብላት፣ “እንደማይሰምር ባውቅ ነው የማልገዛው” አለችኝ። ጃንጥላው ከነፕላስቲኩ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆመ። ቀይ ከፋይ ነው፣ ዙሪያውን የወርቅ ዘርፍ ተንጠልጥሎበታል። ቤታችን ጠባብ ስለሆነ ወደ ኩሽና ባለፍኩ ቁጥር ትከሻዬን ይነካኛል። አንድ ግንቦት ልደታ አለፈ፣ ሁለተኛውም አለፈ። ጃንጥላው ቆሟል፣ አባዬ አህያ ይላል።

እኔ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ለባለጉዳይ አቤቱታ እጽፋለሁ። ሰው እንዴት እንደሚጉላላ አውቃለሁ። ስለዚህ ከእመቤታችን ጋር የነበረኝ ንግግር የጸሎት ወግ አልነበረውም። ጠዋት በደጇ ሳልፍ አማትቤ፣ “አንቺዬ፣ ዛሬም ለሌላ ቀጠሮ ነው? የእኛ ዳኞች እንኳ ምክንያት ይሰጣሉ!” እላታለሁ። ተናድጄ ሳልሳለም ያለፍኩባቸው ቀናትም አሉ። ግን ማለፉን አልተውኩትም፤ በሌላኛው መንገድ ታክሲ መያዝ እየቻልኩ በእሷ በኩል ነበር የምዞረው።

መካሪው ደግሞ መዓት ነው! አንዷ ጎረቤታችን ደረጃው ላይ እማዬን አቁማ፣ “እስቲ የእኔ እህት፣ ለገብርኤል ሞክሪው፤ እሱ ፈጣን ነው” አለቻት፤ የታክሲ ሰልፍ መሰላት እንዴ? ሌላዋ፣ “የሠራው ኃጢአት ይኖራል” ብላ በር ላይ ተናግራ ሄደች። እማዬ ያን ቀን ጃንጥላውን አየችው። “እንዲያው ጠልታኝ ይሆን?” አለች። ድምፅዋ እንደዚያ ሲያንስ ሰምቼ አላውቅም። እኔ በእመቤታችን ብናደድም እናቴ ተስፋ ስትቆርጥ ማየት አልችልም፤ ያን ዕለት እውነትም ፈራሁ።

የንስሐ አባታችንን ጠራኋቸው። መጡ፣ ጸለዩ፣ መስቀላቸውን ወደ አባዬ ግንባር አስጠጉ። “እግዚአብሔር ይማርህ” አሉት። “አህያ!” አለ አባዬ፣ ግጥም አድርጎ። እማዬ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሳቸው ግን መስቀሉን እንኳ ፈቀቅ አላደረጉም። “ግድ የለም ልጄ፣ ጌታችንም ሆሳዕና ዕለት የተቀመጠው በእሷ ላይ ነው” አሉና ጠበሉን ረጩት። እማዬ ከነጠላዋ ሥር ስትስቅ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ።

ሦስተኛው ግንቦት ልደታ ሲመጣ፣ በማለዳ ተነስታ ጃንጥላውን ከፕላስቲኩ ስታወጣ ደረስኩባት።

“ምን እያደረግሽ ነው?”

“ልወስድላት ነዋ።”

“አባዬ አሜን አላለም እኮ! ሳይፈረድልሽ ነው እንዴ የምትፈጽሚው?”

“አንቺ ፍርድ ቤትሽን እዚያው ፍርድ ቤትሽ። ያዢልኝ ይሄን።”

አባዬን ጎረቤት ጠበቀልን፤ እኔ እየተነጫነጭኩ፣ ጃንጥላው በየደረጃው መታጠፊያ እየተጋጨ ወረድን። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በነጭ ነጠላ ተሞልቷል። ስለት ያላቸው ተሰልፈዋል፤ አንድ ወጣት ዲያቆን ማይክ እያስጠጋ ምን እንደተደረገላቸው ይጠይቃል። አንዷ ልጅ ሰጠችኝ አለች፣ እልልታው ቀለጠ። ሌላው ቪዛ ወጣልኝ አለ፣ እልልታ። የእማዬ ተራ ደረሰ።

“እናታችን፣ እመቤታችን ምን አደረገችልዎት?”

“ምንም” አለች እማዬ። ማይኩ አስተጋባው።

ዲያቆኑ ያልሰማችው መስሎት፣ “ስለትዎ ምን ነበር ማለቴ ነው” አላት።

“ገብቶኛል ልጄ። ባለቤቴ ታሞብኝ አንድ ጊዜ አሜን እንዲል ነበር። አላለም።”

“ታዲያ ጃንጥላው…”

“የእሷ ነዋ! ስንኮራረፍ ይኸው ሦስተኛ ግንቦታችን ነው። እኔ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ ኩርፊያ አልችልም።”

እኔ አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ ከሴቶቹ መሀል አንዲት አሮጊት እልል አሉ፤ ድምፃቸው የተሰነጠቀ ነው፣ ግን አላቆሙም። ቀጥሎ ሁሉም ተቀበላቸው፤ ለቪዛው እንኳ እንደዚያ አልተባለም። ዕንባዬ ዱብ ዱብ አለ። “አየሽ አይደል?” አልኳት እመቤታችንን። “እንዲህ ዓይነት ሰው ነው የምታጉላሊው!” እልልታው ውስጥ የራሴን ድምፅ የሰማሁት ዘግይቼ ነው።

የግንቦት ልደታ ንፍሮ ቤት ውስጥ አይበላም፤ ጎረቤቱ ሁሉ ግቢ ወርዶ በአንድነት ይበላል። እኛ አባዬን ጥለን ስለማንወርድ በረንዳ ላይ እንበላለን። በረንዳ ደጅ ነው ወይስ ቤት በሚለው የብሎካችን ሴቶች እስካሁን ይከራከራሉ። ከሰዓት በኋላ የአባዬን አልጋ ወደ በረንዳው በር አስጠጋንና ንፍሮውን አቀረብን።

ያኔ ነው አባዬ ያየው። ዓይኑ ከቴሌቪዥኑ ጎን ወዳለው ባዶ ቦታ ሄደና እዚያው ቀረ። ከዚያ ወደ እማዬ ዞረ።

“ወሰድኩላት” አለችው። “ተቀበለችኝ።”

ረጅም ጊዜ አያት። ደህናውን እጁን አንስቶ እጇን ያዘ። አፉ ተንቀሳቀሰ፣ ታገለ፣ ትንፋሹ ቆረጥ ቆረጥ አለ። እማዬ እስትንፋሷን ይዛ ጎንበስ አለችለት። እኔም ንፍሮው እጄ ላይ እንዳለ ደርቄ ቀረሁ፤ በል አባዬ፣ በል በቃ፣ አንዴ በል!

“አህያ” አለ።

እንደዚያ ብሎ ግን አያውቅም። ቁጣ የለው፣ ጥማት የለው፤ ቀስ ብሎ፣ ለእሷ ብቻ፣ ዓይኑ ዕንባ ሞልቶ።

እማዬ ጋቢውን ወደ ትከሻው ሳብ አደረገችለት። “አሜን” አለችው።

እኔም አልኩ።