መርዶ የሚነገርበት ቦታ

ፍሥሐ የወፍጮ መካኒክ ነው። በ1984 ዓ.ም. ጂንካ ውስጥ የሰፈሩ እድር አባል ሲሆን እጁ በግራሶ ተለቅልቆ ስለነበር መዝገቡን የሞላለት ጸሐፊው ኤርሳዶ ነበር፤ ከሆሳዕና የመጣ፣ ጽሕፈቱም እንደ ስፌቱ ጥንቅቅ ያለ ልብስ ሰፊ።

"መርዶ የሚነገርበት ቦታ?" አለው ኤርሳዶ፣ የመጨረሻው ዓምድ ላይ ሲደርስ።

"ገና ሳልገባ ልትገድለኝ ነው?"

"ታዲያ ድንኳኑን ተክዬ ለማን ልጩኽ? ተናገር እንጂ!"

ፍሥሐ ትንሽ አመነታ። የተወለደው ሻሸመኔ ነው፤ መታወቂያውም ይህንኑ ይላል። እናቱ ግን አባቱ ሲሞት ወደ አገሯ ተመልሳለች። ጂንካ ውስጥ ይህን ከሚስቱ ከአበዛሽ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ የጠየቀውም የለም። ሰው ለቀበሌ ሊዋሽ ይችል ይሆናል፤ ለሚቀብሩት ሰዎች ግን ምን ብሎ ይዋሻል?

"እናቴ ከረን ናት" አለ። ኤርሳዶ ጻፈ።

ሰባት ዓመት አለፈ፤ ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሣ። በ1991 ዓ.ም. አንድ የገበያ ቅዳሜ፣ ፍሥሐ የጸጉሩን ዱቄት እንኳ ሳያራግፍ ከወፍጮ ቤቱ ወስደው መኪና ላይ ጫኑት። ከዚያው ሰፈር ሌሎች ሦስት ሰዎች ቀድመው ተጭነዋል። ካምፑ በር ላይ የሚመዘግበው ሰው መታወቂያ አልጠየቀውም።

"እናትህ ከረን ናት፣ አይደል?" ብቻ አለው።

ታጉሮ በቆየበት ሁለት ዓመት ረሀቡንም ቅማሉንም ለመደው። ያቺን ጥያቄ ግን ሊለምዳት አልቻለም። ተፈትቶ ሲመለስ ኤርሳዶ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ አለቀሰ፤ ፍሥሐም ታቀፈለት፤ "ማን ነገራቸው?" ብሎ ግን አልጠየቀውም። መልሱን ያውቀዋል። ያላወቀው፣ ከጠየቀ በኋላ በዚያው ሰፈር እንዴት እንደሚኖር ነው።

በ2010 ዓ.ም. ክረምት፣ እርቅ ወርዶ ስልክ በተከፈተ ሰሞን፣ እህቱ ደወለች። እናታቸው ከሞተች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗት ነበር። በዚያው ወር አንድ መሥሪያ ቤት በጦርነቱ ጊዜ ለታሰሩ ሰዎች የመታሰቢያ ፕሮግራም አዘጋጀ። ኤልዳና የምትባል ወጣት ሠራተኛ የእድሩን አሮጌ መዝገብ አቅፋ በባጃጅ መጣች።

"ጋሼ፣ ሰርተፍኬቱ ላይ እንዳንሳሳት ስምዎን ይዩልኝ። ዝርዝሩን ያገኘነው ከዚህ ነው።"

"እነሱም ከዚሁ ነበር ያገኙት" አለ ፍሥሐ።

ልጅቷ አልገባትም። እሱ ገጹን ገለጠ። "ከረን" ከሚለው ቃል አጠገብ በእርሳስ የተሠራች አጭር ጭረት አለች። መቀስ የሚያርፍበትን ቦታ የምታሳይ፣ የልብስ ሰፊ ጭረት። በሌሎቹ ሦስት ሰዎች ስም አጠገብም እንዲሁ።

"ሰርተፍኬቱን ተይው ልጄ። ኤርሳዶ መድረክ ላይ አንድ ነገር ይበልልኝ። 'ስማቸውን አሳልፈን የሰጠነው እኛ ነን' ይበል። ከዚያ እድሩ ይቅበረኝ።"

"ትንሽ ሴንሲቲቭ ነው ጋሼ... ግን አነጋግራቸዋለሁ።"

በሁለተኛው ቀን ደወለች። "እሺ ብለዋል ጋሼ! ተስማምተዋል።"

የእድሩ ድንኳን በድሮው የአውሮፕላን ሜዳ ዳር ተተከለ። አሁን የእድሩ ሰብሳቢ የሆነው ኤርሳዶ መነጽሩን አድርጎ አነበበ፦ "በወቅቱ በተፈጠረው ሁኔታ ወንድሞቻችን ለእንግልት ተዳርገዋል..." ፍሥሐ አፍ አፉን ያየዋል። አንድ ገጽ ተገለጠ፤ ሌላ ገጽ ተገለጠ። ኤርሳዶ አንድ ጊዜ ቀና አለ፣ ዓይን ለዓይን ተጋጩ፣ መልሶ አቀረቀረ። "አመሰግናለሁ" ብሎ ጨረሰ። ተጨበጨበ። ፍሥሐ ያን ሁሉ ዓመት ሳይጠይቅ የኖረው ለካ ይህን ጭብጨባ እንዳይሰማ ነበር።

ስሙ ሲጠራ ወደ መድረኩ ወጣ። ሰርተፍኬቱን አልፎት ጠረጴዛው ላይ ያለውን መዝገብ ገለጠ፤ ከኤርሳዶ የደረት ኪስ እስክሪብቶ መዝዞ የገዛ ስሙን ከዳር እስከ ዳር ሰረዘ።

"ፍሥሐ! ሰው ፊት ምን ማድረግህ ነው?"

"እናቴ ሞታለች። መርዶ የምትነግሩልኝ ቦታ የለኝም።"

"ልጆች ነበሩኝ እኮ" አለ ኤርሳዶ በሹክሹክታ። "አስፈራሩኝ።"

"ይችኑ ጮክ ብለህ ብትላት ይበቃኝ ነበር።"

አበዛሽ እግሯን ስለሚያማት ፕሮግራሙ ላይ አልሄደችም፤ ደጃፍ ተቀምጣ ጠበቀችው።

"አለ?"

"አላለም።"

"እድሩስ?"

"ወጣሁ።"

ጉልበቷን አሸት አሸት አደረገች።

"እንግዲያው ከእኔ ቀድመህ እንዳትሞት" አለችው። "ብቻዬን አልችልህም።"